ሽቦ ያላሰረውን ተራ አትመኑ

ጽሑፉ ረዘም ስለሚል ጊዜ ሲኖራችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን ስለ ኮዲንግ የማይወራበት ቤት የለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ይፋ ከሆነ ወዲህ የጎረቤት ልጅ ሰርተፍኬት አገኘ፣ የሥራ ባልደረባ ተመዘገበ ሲባል እንሰማለን። የፕሮግራሚንግ መሠረት፣ አንድሮይድ፣ ዳታ ሳይንስ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይማራሉ። ደግ ነው። አንድ ወጣት ስልኩን ከመነካካት አልፎ ስልኩ እንዴት እንደሚያስብ ቢያውቅ የሚጠላ የለም።

እኔ ዛሬ የማነሳው ከዚህ ሁሉ ወሬ ውስጥ ስለቀረው የፕሮግራም ዓይነት ነው። በፊደል ሳይሆን በሥዕል ስለሚጻፈው። ይህንን የምለው ከዳር ቆሜ አይደለም፤ ከአሥር ዓመት በላይ የበላሁት እንጀራ ነው።

የታሸገ ውኃ ጠርሙስ የሚሞላውን ወይም ሲሚንቶ የሚመዝነውን መቆጣጠሪያ ክፈቱና ፕሮግራሙን እዩ። ብዙ ጊዜ የምታገኙት የተደረደረ ጽሑፍ አይደለም። ሣጥኖችና ሣጥኖቹን የሚያገናኙ መስመሮች ናቸው። ፋብሪካ ውስጥ ያለው ፒኤልሲ የሚባለው መቆጣጠሪያ በመሰላል መልክ በሚሣል ላደር በሚባል ቋንቋ ይሠራል። በቤተ ሙከራና በመፈተሻ ክፍል ደግሞ ናሽናል ኢንስትሩመንትስ የተባለው የቴክሳስ ኩባንያ በ1986 እ.ኤ.አ. ያወጣው ላብቪው አለ። ልጆች የሚማሩበት ስክራች እንኳ ብሎክ እየጎተቱ መገጣጠም ነው።

ሥዕሉ የተወደደበት ምክንያት ግልጽ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ ሥዕል ማንበብ የሚችል ባለሙያ እንግሊዝኛው ባይደላውም ይገባዋል። ለእንደኛ ዓይነቱ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከቴክኒክና ሙያ የወጣ ልጅ በሳምንት ውስጥ ሣጥን ከሣጥን ያገናኛል።

አደጋው ያለውም እዚያው ላይ ነው። ሥዕል ሲታይ የገባን ይመስለናል። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ማንበብ ስለለመድን በግራ ያለው ቀድሞ በቀኝ ያለው ተከትሎ የሚሠራ ይመስለናል። ማሽኑ ግን የእኛን የንባብ ልማድ አያውቅም።

እንዴት እንደሆነ በምናውቀው ነገር ላስረዳ።

ከመሥሪያ ቤት የለቀቀ ሁሉ ክሊራንስ ያውቃል። አንድ ወረቀት ይዞ ንብረት ክፍል፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ፋይናንስ፣ አይቲ መዞር ነው። ከእነዚህ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም። ጠዋት በፋይናንስ ቢጀመር ወይም በንብረት ክፍል ቢጀመር ለውጥ የለውም። የሰው ኃይል ኃላፊው ግን አራቱ ፊርማ ካልተሟላ እስክሪብቶውን አያነሳም። ቢሮው ምድር ቤት ይሁን አምስተኛ ፎቅ ይህንን አይለውጠውም። ተራውን የሚወስነው የሚጠብቀው ፊርማ ነው።

ላብቪው የሚሄደው በዚህ ሕግ ነው። ሙያው የዳታ ፍሰት ይለዋል። አንድ ሣጥን ሥራ የሚጀምረው በሽቦ የሚመጡለት ዳታዎች በሙሉ ሲደርሱት ነው። ውጤቱንም ወደሚቀጥለው የሚልከው ሥራውን ሲጨርስ ነው። ሣጥኑን በግራ አስቀመጣችሁት በቀኝ፣ ግድ የለውም። ሁለት ሣጥኖች በሽቦ ካልተያያዙ “ማን ይቀድማል?” ለሚለው ጥያቄ መልስ የለም። አንዱ ሊቀድም ይችላል፤ ሌላው ሊቀድም ይችላል፤ ሁለቱ እኩል ሊሄዱም ይችላሉ። ዛሬ እንዲህ፣ ነገ እንዲያ።

ክሊራንስ ሲዞር የተንገላታ ሰው ሌላውንም ያውቃል። ፋይናንስ “መጀመሪያ ንብረት ክፍል ይፈርምልህ” ይላል። ንብረት ክፍል “ፋይናንስ ሳይፈርም እኛ አንፈርምም” ይላል። ሰውየው ኮሪደር ላይ ይቀራል። ላብቪው እንዲህ ያለውን ክብ ዝም ብሎ አያሳልፍም። “ያለፈውን ዙር ዋጋ ተጠቀም” የሚል ምልክት ካልገባበት ፕሮግራሙ አይነሳም፤ ማስጀመሪያ ቀስቱ ተሰብሮ ይታያል። ለአንዳንድ ቢሮዎቻችንም እንዲህ ያለ የሚሰበር ቀስት በኖራቸው ያልኩበት ቀን አለ።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ክፋቱ የሚታየው ሰው ላይ ሲያርፍ ነው።

ከዓመታት በፊት በአንድ ፋብሪካ የውኃ ፓምፕ መፈተሻ ላይ ሠርቻለሁ። ፓምፑ ይመጣል፣ መለያ ቁጥሩ በባርኮድ ይነበባል፣ ግፊቱ ይለካል፣ ውጤቱ “አለፈ” ወይም “ወደቀ” ተብሎ በቁጥሩ ይመዘገባል። ፕሮግራሙን የሣለው በኮንትራት መጥቶ የሄደ ባለሙያ ነበር። ቀን ቀን ችግር የለም። በማታ ፈረቃ ግን ወደቁ የተባሉ ፓምፖች እንደገና ሲፈተሹ ደህና ይሆናሉ። የማታ ፈረቃውን የሚመራው ሁላችንም ጋሼ የምንለው አንጋፋ ቴክኒሻን ነበር። አስተዳደሩ ብዙ አልተመራመረም። “በአያያዝ ጉድለት” የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈለት። ጉርሻውም ተቆረጠ።

እኔ የተጠራሁት ሴንሰሩ ሁለት ጊዜ ከተቀየረ በኋላ ነው። ጋሼ አጠገቤ መጥቶ ቀስ ብሎ እንዲህ አለኝ፦ “ልጄ፣ ሴንሰሩን ተወው። በየፓምፑ ላይ በጠመኔ ምልክት ሳደርግ ከርሜያለሁ። ወደቀ የሚለው ፓምፕ ደህና ነው። የታመመው ከሱ ቀጥሎ የመጣው ነው።”

ሥዕሉን ስከፍተው ነገሩ እዚያው ተቀምጦ ነበር። ቁጥሩን የሚያነበው ሣጥን በግራ፣ ውጤቱን የሚመዘግበው ሣጥን በቀኝ። ዓይን ሲያየው ልክ ነው። በመካከላቸው ግን ሽቦ የለም። አንባቢው ሣጥን ቁጥሩን ሁሉም በሚያየው የጋራ ቋት ላይ ይጽፋል፤ መዝጋቢው ከዚያ ቋት ያነሳል። ቀን ኮምፒውተሩ ሌላ ሥራ ስለሌለው ቁጥሩ ሁልጊዜ ቀድሞ ይደርሳል። ማታ ማታ ኮምፒውተሩ የቀኑን ሪፖርት ወደ ዋናው ቢሮ ይልካል። ያን ጊዜ ንባቡ በጥቂት ሚሊሰከንድ ይዘገያል። መዝጋቢው አይጠብቅም፤ ቋቱ ላይ ያገኘውን ያነሳል። ያገኘው ያለፈውን ፓምፕ ቁጥር ነው። ስለዚህ የታመመው ፓምፕ ውድቀት ከፊቱ ባለፈው ጤነኛ ፓምፕ ስም ይጻፋል።

መፍትሔው አንድ ሽቦ ነው። ቋቱን አነሳሁና ቁጥሩን ከአንባቢው ወደ መዝጋቢው በቀጥታ አገናኘሁ። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ ቢጨናነቅ፣ ሪፖርት ቢልክ፣ መዝጋቢው ቁጥሩ እስኪደርሰው ከመጠበቅ በቀር ምርጫ የለውም። ሥራው 20 ደቂቃ አልፈጀም። የጋሼን ደብዳቤ ከማኅደሩ ማስወጣት ግን አራት ወር ፈጀ። ከሁሉ የሚከነክነኝ ደግሞ የወደቀው ፓምፕ አይደለም። ደህና ተብሎ ተጭኖ የወጣው የታመመ ፓምፕ ነው። የት ጉድጓድ ላይ እንደተተከለ ማን ያውቃል?

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንያዝ።

አንደኛው የጋራ ቋት ጉዳይ ነው። ሁለት መጋዘን ሠራተኞች አንድ መዝገብ ሲጠቀሙ አስቡ። ሁለቱም መዝገቡን ያያሉ፤ 40 ጆንያ ይላል። እያንዳንዳቸው 10 ያወጣሉ። አንደኛው 30 ብሎ ይጽፋል። ሁለተኛውም ቀድሞ ያየው 40 ስለነበር 30 ብሎ ይጽፋል። መጋዘኑ ውስጥ ያለው ግን 20 ነው። ማንም አልሰረቀም። ማንም አልዋሸም። ቆጠራ ሲመጣ ግን የሚጠየቀው ሰው ነው። በፕሮግራም ውስጥም ሁለት ሣጥኖች አንድ ቋት ያለ ተራ ሲጽፉበት የሚሆነው ይኸው ነው። ባለሙያዎች እሽቅድምድም ይሉታል።

ሁለተኛው “እስከ ዛሬ ሠርቷል” የሚለው መከራከሪያ ነው። ያልታሰረ ተራ ለዓመታት ሊሠራ ይችላል። ከዚያ ኮምፒውተሩ በፈጣን ይቀየራል፣ ወይም አንድ ተጨማሪ ሥራ ይጫንበታል፣ ያኔ ይገለበጣል። መሥራቱ ትክክል ለመሆኑ ማስረጃ አይደለም። ዕድል ለመሆኑ ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

ነገሩን የሚያከብደው ሥዕሎቹ ቢመሳሰሉም ሕጋቸው የተለያየ መሆኑ ነው። ከላብቪው ወደ ላደር የሄደ ልጅ ሌላ አገር ገብቷል። ፒኤልሲ በዙር ነው የሚሠራው። መጀመሪያ የሴንሰሮቹን ሁኔታ በሙሉ አንብቦ ይይዛል፣ ከዚያ የመሰላሉን ደረጃዎች ከላይ ወደ ታች ይሄድባቸዋል፣ በመጨረሻ ውጤቱን ወደ ሞተሩና ወደ ቫልቩ ይልካል። ከዚያ እንደገና። እዚህ ላይ ቦታ ሕግ ነው። አንድን ሞተር ሁለት ደረጃ ላይ ካዘዛችሁት የሚያሸንፈው የታችኛው ነው። የላይኛው ደረጃ “በሩ ክፍት ነው፣ ሞተሩ ይቁም” ቢል፣ የታችኛው “ማስነሻ ተጭኗል፣ ሞተሩ ይሂድ” ቢል፣ ሞተሩ በሩ ክፍት ሆኖ ይሄዳል። የላይኛውን ደረጃ በስክሪን ላይ የሚያይ ሰው “መቆም ነበረበት” እያለ ይምላል። እውነቱን ነው። ግን የመጨረሻውን ቃል የተናገረው ሌላ ነው።

በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው የፒኤልሲ ቋንቋዎች ዓለም አቀፍ መስፈርት ከላደር ሌላ በሣጥንና በመስመር የሚሣል ቋንቋም አለው። በዚያ ዓይነቱ ሥዕል በአንዳንድ ሶፍትዌር በየሣጥኑ ጥግ ላይ የተራ ቁጥር ትታያለች። ማሽኑ የሚከተለው ቁጥሯን ነው። ሣጥን ጨምሮ ቁጥሯን ያላየ ሰው ውጤቱን አንድ ዙር ዘግይቶ ሊያገኘው ይችላል።

ፓሪስ ውስጥ ለሙዚቃ ምርምር የተወለደው ማክስ የተባለው ፕሮግራም ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። አንድ ሣጥን ለብዙዎች መልእክት ሲልክ በቀኝ ያለው ቀድሞ ይደርሰዋል። ሥዕሉን ለማሳመር ብላችሁ ሣጥኑን በመዳፊት ስትጎትቱት ድምፁ ሊለወጥ ይችላል። በሙዚቃ ይህ ቢበዛ የተበላሸ ዜማ ነው። በቦይለር ላይ ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለ ሌላ ነገር ካነሳን ቴራክ 25ን እንጥቀስ። የካንሰር ሕሙማንን በጨረር የሚያክም ማሽን ነበር። ከ1985 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. በአሜሪካና በካናዳ ስድስት ሕሙማን ከታዘዘላቸው እጅግ የበዛ ጨረር ወረደባቸው፤ በዚሁ ሳቢያ የሞቱም አሉ። ፕሮግራሙ በሥዕል የተጻፈ አልነበረም፤ በሽታው ግን የምንነጋገርበት ነው። ሠራተኛዋ የጨረሩን ዓይነት ተሳስታ አስገብታ በ8 ሰከንድ ውስጥ ፈጥና ስታርም፣ አንዱ የፕሮግራም ክፍል እርማቱን ያያል፣ ሌላው አያይም። ጋሬጣው ሳይመለስ ጨረሩ ይለቀቃል። ቀስ ብላ የምትጽፍ ጀማሪ ምንም አይገጥማትም። አደጋው የመጣው ሥራውን ከለመደችው እጅ ጋር ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ሞዴል ይህን የሚከላከል ከፕሮግራሙ ውጭ የሆነ የሽቦ መቆለፊያ ነበረው። በአዲሱ “ሶፍትዌሩ ይጠብቀዋል” ተብሎ ተነሳ።

ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ተራውን ያላሰረው ሰው ሩቅ ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ቁልፉ አጠገብ ያለው ወይም አልጋው ላይ የተኛው ነው።

“እንግዲያውስ ሁሉንም በሰልፍ እናድርገው” የሚል ይመጣል። ላብቪው ውስጥ እንደ ፊልም ጥቅልል በክፈፍ በክፈፍ የሚሄድ መዋቅር አለ። አንደኛው ክፈፍ ሳያልቅ ሁለተኛው አይጀምርም። ጀማሪዎች ሲያገኙት ደስ ይላቸዋልና ሁሉን ነገር እዚያ ውስጥ ይጨምራሉ። ይህም ሌላ ጥፋት ነው። ክሊራንስ ላይ አራቱን ቢሮዎች ያለ ምክንያት አንድ በአንድ ማሰለፍ ማለት ነው። የአይቲ ሠራተኛው ፈቃድ ላይ ከሆነ ፋይናንስም አይፈርምም። ማሽኑ ይዘገያል። ከዚህም የባሰ፣ የትኛው ተራ የግድ እንደሆነና የትኛው እንዲያው እንደተሰለፈ መለየት ያቅታል። ከዓመት በኋላ ሥዕሉን የሚከፍት ሰው አንዱንም ለመንካት ይፈራል።

ስለዚህ ጥበቡ ሁለት ነው፦ የግድ የሆነውን ተራ ማሰር፣ የግድ ያልሆነውን ነጻ መተው። ከሥራ ልምዴ የማጋራችሁ አምስት ነገሮች አሉ፦

1. ተራው የሚጠቅም ከሆነ በሽቦ እሰሩት። የሚተላለፍ ዳታ ከሌለ የስሕተት ሽቦውን ተጠቀሙ። ላብቪው ውስጥ ከሣጥን ወደ ሣጥን የሚሄድ የስሕተት መልእክት መስመር አለ። ተራ ያስይዛል፤ አንዱ ሣጥን ሲወድቅም ቀጣዮቹ አውቀው እንዲያልፉ ያደርጋል። በአንድ ሽቦ ሁለት ሥራ።

2. የጋራ ቋት መጨረሻ አማራጭ ይሁን። ከተጠቀማችሁም የሚጽፍበት አንድ ብቻ ይሁን።

3. አንድ ሞተር ከአንድ ቦታ ብቻ ይታዘዝ። ሁኔታዎቹን ሁሉ አንድ ደረጃ ላይ አሰባስቡ።

4. የማቆሚያ ቁልፍ የት እንደተቀመጠ እዩ። ላብቪው ውስጥ ቁልፉ ከሚደጋገመው ዙር ውጭ ከተሣለ ዙሩ ሲጀመር አንድ ጊዜ ብቻ ይነበባል። ከዚያ በኋላ ብትጫኑት፣ ብትደበድቡት አይሰማም። የድንገተኛ ማቆሚያ ደግሞ ጭራሽ ለፕሮግራም ተራ አይተው፤ ኃይሉን በቀጥታ የሚቆርጥ ሽቦ ይሁን።

5. “ለምን ይህ ይቀድማል?” የሚለውን ሥዕሉ ላይ በአማርኛም ቢሆን ጻፉት። ማታ 8 ሰዓት ማሽን ቆሞበት የሚጠራው ልጅ ያመሰግናችኋል።

አሁን ወደ አገር ጉዳይ ልመለስ። 5 ሚሊዮን ሰው አንድሮይድ ይማር፤ ይሁን። ፋብሪካ እንዲበዛ ከፈለግን ግን ማሽኑን የሚያዝዘውን ሥዕል የሚያነብ ሰው ያስፈልገናል። ይህ ሙያ በኢንተርኔት ሰርተፍኬት ብቻ አይመጣም። በየቴክኒክና ሙያ ኮሌጁ አንድ አሮጌ ፒኤልሲ፣ ሁለት መብራት፣ አንድ ትንሽ ሞተር ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ይበቃል። ፈተናውም “ሣጥኑን አገናኝ” አይሁን። “ይህ ሥዕል ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ተራ ይሠራል ወይ? ካልሆነ የት ይገለበጣል?” ይባል። ይህን የሚመልስ ተማሪ ነገ የትኛውም ቋንቋ ቢሰጡት ይችለዋል።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ለገዢዎች ነው። ማሽን ስትገዙ ቀለሙንና ጉልበቱን ብቻ አትዩ። ፕሮግራሙ ክፍት ሆኖ፣ የይለፍ ቃሉ ተሰጥቶ፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም በጽሑፍ ተገልጾ ይረከብ። በውል ይግባ። ሥዕሉን ማየት የማይችል ፋብሪካ ችግር ሲመጣ የሚያየው ሰውን ብቻ ነው። ሴንሰሩ ይቀየራል፣ ከዚያ ሠራተኛው ይቀየራል፣ ጥፋቱ ግን እዚያው ተቀምጦ ይቀጥላል።

ሦስተኛው ለአስተዳዳሪዎች ነው። “በእገሌ ፈረቃ ነው የሚበላሸው” የሚል ሪፖርት ጠረጴዛችሁ ላይ ሲደርስ ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ በዚያ ሰዓት ማሽኑ ላይ ሌላ ምን ይሠራል?

በዚህ ሙያ ያላችሁ፣ በተለይ በማታ ፈረቃ የምትሠሩ፣ የገጠማችሁን ከታች ጻፉልኝ። አንብቤ እመልሳለሁ።

ቸር እንሰንብት።